የአስታማሚ ስም

ሰኔ 12፣ 2017፣ ሐሙስ

ማራናታ ዛሬ ቢሮዋ አስጠራችኝ። አዲሷ ዳይሬክተራችን ናት። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ እዚህ ትምህርት ቤት እንግዳ መቀበያ ላይ ስቀመጥ እሷ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበረች ማለት ነው። ሻይ አስመጣችልኝ። ሻዩ ሲመጣ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ወላጆች ቅሬታ አቅርበዋል አለች። በሥራዬ አይደለም፤ ሥራዬን ሁሉም ያመሰግናል። “እትዬ ጥሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊትዎ ነው። ሰው ገና ከበር ሲገባ የተቆጡት ይመስለዋል።”

አልተቆጣሁም አልኳት። ይህን ስል ራሱ የተቆጣሁ መምሰሌን ከዐይኗ አየሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ማህደር ክፍል እገባለሁ። ለጊዜው ነው፣ መስከረም ላይ እናያለን ብላለች። ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር ትቼ ስወጣ ሻዩን እንዳልጠጣሁት ትዝ አለኝ። ተመልሼ አልጠጣውም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጠዋት። መስታወት ፊት። ሁለቱን ቅንድቦቼን በጣቴ ወደ ላይ ሳብ አደረግኳቸው። ሌላ ሴት ሆንኩ። ለቀቅኳቸው። ተመልሰው ወረዱ። ሥራ ረፈደብኝ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

የማህደር ክፍሉ መስኮት ከፍ ያለ ስለሆነ ከበሩ በኩል ድምፅ ይሰማኛል እንጂ ሰው አይታየኝም። ዛሬ አንዲት የኬጂ ልጅ እናቷን “ያቺ የተናደደችው ሴትዮ የት ሄደች?” አለቻት። እናትየው ዝም አሰኘቻትና ለሌላ ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ተገላገልን” አለች።

ልጅቷን በድምፅዋ አወቅኳት። መስከረም ላይ አልገባም ብላ ስታለቅስ ሹራቧን የቆለፍኩላት ናት። ያን ቀን ፊቴ ምን ይመስል ነበር? ፈገግ ያልኩ መስሎኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ከአቧራውና ከማህደሩ በቀር ያነጋገረኝ የለም። ማታ እማዬ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ጋር አወራሁ። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ከእሷ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ቀድሞኝ የሚናገር ሰው የለም።

ሰኔ 27፣ ዓርብ

ረጅም እጽፋለሁ፣ ሳልረሳው።

ቤቴል፣ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ፌርማታ አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው በላይ የፊት ቀዶ ጥገና ክሊኒክ አለ። ማስታወቂያውን ሁለት ዓመት ሙሉ ከታክሲ መስኮት አይቼዋለሁ። ዛሬ ወረድኩ። ደረጃው ላይ የማውቀው ሰው ቢያየኝ ለጥርሴ ነው እንደምል አስቤ ነበር። ማንም አላየኝም።

ነርሷ መጀመሪያ ፎቶ አነሳችኝ፤ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። “አይቆጡ እትዬ፣ ዝም ብለው ካሜራውን ይዩ” አለችኝ። ዝም ብዬ ነበር የማየው።

ሐኪሙ ዶክተር ፍቅረማርያም ይባላል። ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። መጀመሪያ ስለ መርፌው ነገረኝ። ጡንቻውን ያሰንፈዋል፣ ሽብሽቡ ይለሰልሳል፣ ሦስት አራት ወር ቆይቶ ይለቃል። ለእኔ ግን አልመከረም። ምክንያቱን በመስታወት አሳየኝ፤ ዐይኔን አስጨፈነኝና ግንባሬን በመዳፉ ያዝ አድርጎ ይግለጡ አለኝ። ስገልጥ የላይኛው ግማሽ ተጋርዷል። መስታወቱ ውስጥ አገጬንና አፌን ብቻ አየሁ።

“ቅንድብዎ ወርዷል” አለኝ። “ግንባርዎ የተሸበሸበው ቀኑን ሙሉ ቅንድብዎን ተሸክሞ ስለሚውል ነው። መርፌው ግንባሩን ቢያስተኛው ቅንድቡ ይብስ ይወርዳል።”

ተሸክሜ መዋሌን ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። ብርሃኑ ነው አልኩት።

ከዚያ ቀዶ ጥገናዎቹን ዘረዘረልኝ። ከጆሮ እስከ ጆሮ ፀጉር ውስጥ ቆርጦ ቆዳውን ወደ ኋላ የሚስበው የድሮው አሠራር አለ፤ ጠባሳው ረጅም ነው። ልክ ከቅንድቡ በላይ የሚቆረጥም አለ፤ እሱ ፊት ላይ ምልክት ይተዋል። ለእኔ ያሰበው ሌላውን ነው። ፀጉር ውስጥ አምስት ትንንሽ ቦታ ይቀደዳል፣ በአንዱ ቀጭን ካሜራ ይገባል፣ ቅንድቡ ከአጥንቱ ላይ ተላቆ ወደ ላይ ይነሳል፤ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ያለው የሚያኮሳትረኝ ጡንቻም ይላላል። ፊት ሁለት ሳምንት ያብጣል። የራስ ቆዳ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ሊል ይችላል። ነርቭ የሚነካበት ጊዜም አለ፣ ግን እምብዛም አያጋጥምም።

ወጣት አያደርግዎትም አለኝ። “ያረፈ ሰው ፊት ግን ሊሆን ይችላል።”

ያረፈ ሲል ሳቅ አፈነኝ። እኛ ቤት ያረፈች የምትባለው እማዬ ናት።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ወስኛለሁ። ገንዘቡ ለባኞ ቤቱ ማሳደሻ የተቀመጠው ነው፤ ባኞ ቤቱ ይቆይ። ቀዶ ጥገናው ለነሐሴ 20 ተቀጥሯል፤ ፍልሰታም ያበቃል፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። መስከረም ላይ ማራናታ ስታየኝ ሁሉም ነገር አልፎ ይቆያል።

የቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን ቆምኩ። የአስታማሚ ስም። ዝምድና። ስልክ።

ግዴታ ነው ወይ አልኳት ነርሷን። ማደንዘዣ ወስደው ብቻዎን ወደ ቤት አይሄዱም አለችኝ፤ ዐይንዎም ስለሚያብጥ ሁለት ቀን የሚያይልዎት ሰው ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ዶክተር አይሠራም። ልትረዳኝ ፈልጋ “ባለቤትዎን? ልጅዎን?” አለች።

መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ፣ ሞልቼ አመጣዋለሁ አልኳት። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

የእድር ስብሰባ ዋልን። እድራችን ከሁለት መቶ በላይ አባል አለው። ስሞት ሁሉም ይመጣሉ፤ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ሦስት ቀን ይቀመጣሉ። በሕይወት እያለሁ ሁለት ቀን አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ስፈልግ ግን መዝገቡ ላይ ዐይኔን ከላይ እስከ ታች አመላልሼ የማንም ስም ላይ ማረፍ አቃተኝ።

አንዲት እህት አለችኝ። ውዳሴ። በስድስት ዓመት ታንሰኛለች፣ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ዘነበወርቅ ትኖራለች። በታክሲ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ አልተነጋገርንም። ያረፈች ዕለት ለምን ቀድመሽ አልደወልሽልኝም ብላ ተቀየመችኝ። ኔትዎርክ አልነበረም ብያታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበላት?

ሦስት ዓመት ያስታመምኩት እኔ ነኝ። እሷ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዛ ትመጣ ነበር።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዋጋነሽ እሺ አለችኝ። የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ የዘንድሮን ማህደር ልታስረክብ መጥታ ሳላስበው ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። “ምን ችግር አለው፣ ቤትሽ መጥቼ አድራለሁ፣ እጸልይልሻለሁ” አለች። ከምሳ ዕቃዋ ግማሹን አበላችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ለሰው የሚሆን ብርድ ልብስ ገዛሁ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ስልኬ ላይ የተሠሩ ሴቶችን ፎቶ ሳይ አመሸሁ። በፊት፣ በኋላ። በፊት፣ በኋላ። የበፊቶቹ ሁሉ እኔን ይመስላሉ። አንዷ የራስ ቆዳዋ ደንዝዞ ፀጉሯን ስታበጥር የሌላ ሰው ራስ የምታበጥር እንደሚመስላት ጽፋለች። ይህ አላስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ተሠርቼ ፊቴ ባይለወጥ አይደለም። ተለውጦ ሌላው ነገር ሁሉ እንዳለ ቢቀር ነው።

ይህን መስመር ሰርዤው ነበር፣ ግን ይቆይ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዋጋነሽ ደወለች። ወንድሟ አርፏል። ሆሳዕና እየሄደች ነው፣ አርባው ሳይወጣ አትመለስም። ስልኩ ላይ እያለቀሰች ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔን ይቅርታ።

አጽናናኋት። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ወንድሟ አልነበረም። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

የአቶ ደግፌ ሚስት ደግ ናት። ግድግዳ ነው የሚለየን። ንግግሬን አዘጋጅቼ ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተች። “እናንተ ጋ ውኃ መጥቷል?” አልኳት። መጥቷል አለችኝ። አመሰገንኳት።

ውኃ መምጣቱን አውቅ ነበር፤ ባልዲዬን ሞልቼ ነው የወጣሁት።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ነርሷ ሁለቴ ደውላለች፤ ቅጹ ካልተመለሰ ቀኑን ለሌላ ሰው እንሰጣለን አለች። ዝናቡ ውስጥ ሄጄ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ሞላሁት። የአስታማሚ ስም፦ ውዳሴ። ዝምድና፦ እህት። ስልክ ስጽፍ እጄ አላመነታም፣ ስልኬንም አላየሁም።

ማን ይደውላል? ወረቀት ነው። ያን ቀን ጠዋት ድንገት ታመመች፣ በኋላ ትደርሳለች እላለሁ። ስነቃ ደግሞ ታክሲ ጠርቼ እሄዳለሁ። አስቤበታለሁ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ሾርባ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ ተለማመድኩ። አሥራ አንድ እርምጃ። ወንበሩን ከመንገድ አነሳሁ። ነገ ነው።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ጽሕፈቴ ተንጋዷል፤ የግራ ዐይኔ ገና በግማሽ ነው የሚገለጠው። ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ያመልጠኛል።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ክሊኒክ ደረስኩ። የቀዶ ጥገናውን ጋውን አልብሰውኝ ተቀምጫለሁ። በሩ ተከፈተና ውዳሴ ገባች። ነጠላዋ በዝናብ በስብሷል። በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው ልብስ የታጨቀ ፌስታል ይዛለች። ነርሷ ለካ ሰኞ ከሰዓት ለማረጋገጥ ደውላላታለች፤ እህትዎ ነገ ቀዶ ጥገና አለባቸው፣ አስታማሚ ብለው እርስዎን አስመዝግበዋል ብቻ ነው ያለቻት።

“እታለም” አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ነው የምትጠራኝ። “የት ላይ ነው? ጡትሽ ነው?”

ግንባሬ ነው አልኳት።

“ግንባርሽ ምን ወጣበት?”

“ምንም አልወጣበትም። ቅንድቤ ወርዷል።”

እስክትረዳው ድረስ ቆየች። ከዚያ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትሳደባለች ብዬ ነበር፣ ትስቃለች ብዬም ነበር። ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን አየች። በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ “ሌሊቱን ሙሉ ስትሞቺ ሳይሽ ነው ያደርኩት” አለችኝ።

መሄድ ትችያለሽ አልኳት። ነርሷ ወረቀቱን ስታመጣ ተቀብላ ፈረመች።

ስነቃ ጨለማ ነበር። ራሴ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ዐይኖቼ አብጠው ተጣብቀዋል። አንድ እጅ እጄን ይዞ ደረጃውን እያወረደኝ ነበር። “አንድ ደረጃ አለ። ሌላ። አሁን ሜዳ ነው።” ታክሲ ውስጥ ከቤቴል እስከ ኮልፌ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ጉድጓድ ሲመጣ አስቀድማ ራሴን ትይዝልኝ ነበር።

ሁለት ቀን ቆየች። እማዬ አልጋ ላይ ተኛች። በሦስት ትራስ ደግፋ አስቀመጠችኝ፤ በየሰዓቱ ቀዝቃዛ ጨርቅ ትቀይርልኛለች፣ ሾርባውን በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ብዙ አናወራም። ክፈቺ፣ ዋጪ፣ ቀና በዪ። ወጥ ቤት ስትገባ ስኳሩ የት ነው፣ ጨርቁ የት ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ሁሉንም ታገኘዋለች። የእሷም ቤት መሆኑን ረስቼው ነበር።

አሥራ አንድ እርምጃዬን አንድም ቀን ብቻዬን አልሄድኩትም።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ስፌቱ ተፈታ። ዶክተሩ በጣም ጥሩ ነው አለ። የግራ ቅንድቤ ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ እብጠቱ ሲለቅ ይስተካከላል፣ ባይስተካከልም ከእርስዎ በቀር የሚያየው የለም አለኝ። ግንባሬ ለስላሳ ነው። ላኮሳትር ሞከርኩ፤ አይኮሳተርም።

እሑድ ያልጻፍኩት አለ።

ያለፈው ረቡዕ ከሰዓት ነው፣ ከቀዶ ጥገናው ሁለተኛው ቀን። ጨርቁን ግንባሬ ላይ አድርጋ እጇን ሳታነሳ፣ በተራ ድምፅ፣ “ያን ቀን ኔትዎርክ ነበር” አለችኝ። “ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከአቶ ደግፌ ሚስት ጋር በስልክ ተነጋግሬያለሁ። እማዬ እንዴት ናት ብዬ።”

ዐይኔ ተሸፍኗል። የተኛሁ መሰልኩ። አተነፋፈሴን አረዘምኩ። ጨርቁ እስኪሞቅ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ቀየረችውና ወጣች። ሐሙስ ስትሄድ “ስፌቱን ለማስፈታት ብቻሽን ትችያለሽ” አለችኝ። እችላለሁ አልኳት።

አራት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። አንዴ እንኳ አልተናገረችም፤ እስክናገር ትጠብቅ ነበር።

ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሥራ ገባን። ማራናታ “እትዬ ጥሩ፣ ዕረፍት እንዴት ተስማምቶዎታል” አለችኝና ሳመችኝ። የገባት ነገር የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጥርሷ ያምራል። በሐምሌ ነው የተቀጠረችው። ማህደር ክፍሉን ያለ እርስዎ መልክ የሚያስይዘው የለም አለችኝ ማራናታ። በሐምሌ እኔ ገና ቅጹን ይዤ እዞር ነበር።

አልከፋኝም ብዬ ልጽፍ ነበር። ከፍቶኛል። ግን የገረመኝ፣ ማህደር ክፍል ገብቼ በሩን ስዘጋ ያሰብኩት ስለ ወንበሩ አልነበረም።

መስከረም 4፣ 2018፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሳልደውል ዘነበወርቅ ሄድኩ። ብደውል እንዳልሄድ አውቃለሁ። በሩን የከፈተልኝ ባሏ ሀብተሥላሴ ነው፤ ሁለታችንን አየና ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ። ውዳሴ የልጆቿን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነበር። ተቀመጪ አለችኝ እንጂ መተኮሷን አላቆመችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልግ ነበር። እንዲያ ዓይነቱን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ከባድ ነው።

ተናገርኩ። እማዬ ያረፈች ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውዳሴን ጥሪልኝ እንዳለችኝ፣ እሺ እንዳልኳት፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እስክታርፍ ድረስ እንዳልደወልኩ። ለምን ስትለኝ፣ “መጨረሻዋ የእኔ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው” አልኳት። “ሦስት ዓመት የለፋሁት እኔ ነኝ፣ እሷ ግን አንቺን ነው የጠራችው።”

ስናገር ግንባሬ እንደማይታዘዝልኝ ታወቀኝ። ውስጤ ሲቃጠል ፊቴ ለስላሳ ነበር፣ የግራው ቅንድቤ ደግሞ የተገረመ ሰው ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ የሌለብኝን ቁጣ የሚናገር ፊት ነበረኝ፤ አሁን ያለብኝን ጸጸት የማይናገር ፊት ይዤ ፊቷ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ በቃሌ አልኩት። “አጥፍቻለሁ። ሰርቄሻለሁ። ከዚያ ደግሞ ዋሸሁሽ።”

ካውያውን አቁማ ያዘችው።

“ስንት ጊዜ ጠራችኝ?”

አንዴ ልል ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

“ሦስት ጊዜ” አልኳት። “ጠዋት ሁለቴ። ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ አንዴ። የመጨረሻውን በስምሽ አይደለም። ‘ትንሿስ?’ ነው ያለችው።”

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው። ድምፅ አልሰማሁም። ዩኒፎርሙ መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ግማሹ ተተኩሶ ግማሹ ተጨማዶ ቀርቷል። መሄድ እንዳለብኝ አሰብኩ፤ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ቦርሳዬን ያዝኩ። ግን ሳትወጣ መሄድ ሁለተኛ ጊዜ ሳልጠራት መቅረት መሰለኝ። ጠበቅኩ። ሀብተሥላሴ አልተመለሰም። ሰዓቴን አላየሁም።

ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። አላየችኝም። ካውያውን መልሳ ሰካች፣ እስኪግል ቆመች፣ የቀረውን እጅጌ ዘረጋች። ብድግ ስል ከዐይኗ ጫፍ ያየችኝ ይመስለኛል።

“ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጪ” አለችኝ።

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ቆርቆሮው ዝም ብሏል፣ በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች። ሁለታችንም ይታየናል።

ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩ።